አምባ ግሸንና የጠፋችው ገነት



እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን ዓይነ ስውር ሆኖ በቃሉ ያስጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1667 የታተመው «የጠፋችው ገነት» የተሰኘው ታላቅ የግጥም ድርሰት፣ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረውን የእኛን አምባ፣ ግሸንን፣ ያነሳል። የሚደንቀኝ የሚነሳበት ቦታ ነው፤ ሰይጣን ተስፋን ከተሰናበተ በኋላ ገነትን ቆሞ ሲመለከት። 

ሚልተን ግሸንን አላየም። እዚያ የተጋዙት መሳፍንት ግን በሥጋ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ስንቱ በዚያው አርጅቶ ቀረ! ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ከግዞተኞቹ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1434 ወርደው ነገሡ። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ግማደ መስቀሉን ያስቀመጡት እዚያው በታሰሩበት አምባ ላይ ነው፤ ምእመናን ዛሬም መስከረም 21 ዳገቱን ይወጡታል።