ከድንኳኑ በፊት፦ በሰፈራችን ስለሚሠራው የአምቡላንስ ጣቢያ

(በናይሮቢ በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል የቀረበ ንግግር)







እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ እዚህ ኢስሊ ውስጥ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን የምናሠራው የአምቡላንስ ጣቢያ ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው ቀርቷል። ዛሬ የምንጠይቃችሁ ግን ለጣሪያው አይደለም፤ ከጣሪያው በኋላ ለሚመጣው ነው።

እንደሚታወቀው ማኅበራችን የተነሣው ከእድር ነው። በሰው አገር የሞተ ወገን ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ተብሎ ተጀመረ። ዛሬም አንድ አባል ሲያርፍ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለቀስተኛው የሚቀምሰው፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነም የኤምባሲውና የአየር መንገዱ ወረቀት በአጭር ጊዜ ይደራጃል። ማን ለማን እንደሚደውል ሁሉም ያውቃል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሀብት ሰውየው ገና በሕይወት ሳለም ይሥራለት።

በሕክምናው ዓለም እናቶች በወሊድ ለምን እንደሚሞቱ ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ምክንያቱን በሦስት መዘግየት ከፍለው አስቀምጠውታል። አንደኛው እርዳታ ለመፈለግ መወሰን ላይ መዘግየት ነው። ሁለተኛው ሐኪም ቤት ለመድረስ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት ነው። ጣቢያው የሚያሳጥረው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው በእኛው ቤት ውስጥ ያለ ነው።

ሁለተኛውን እንመልከት። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ማንም ደረቱን ካልተጫነለትና የልብ ማስነሻ መሣሪያ ካልደረሰለት፣ የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አሁን የኢስሊን መንገድ አስቡ። በገበያ ሰዓት መኪና በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው እንበል። አምቡላንሱ ከ4 ኪሎ ሜትር ርቀት ቢነሣ 16 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከ1 ኪሎ ሜትር ቢነሣ ግን 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ጣቢያው በሰፈሩ መካከል እንዲሆን የተፈለገው ለዚህ ነው። የፑምዋኒ የወላዶች ሆስፒታል ቅርባችን ነው፤ ወደ ኬንያታ ሆስፒታል ለመድረስ ግን የመሐል ከተማውን ጭንቅንቅ ማለፍ ግድ ነው።

ናይሮቢ የዚህን ነገር ክብደት በመራራ መንገድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ 213 ሰዎች ሞቱ፤ ከ4,000 በላይ ቆሰሉ። ከቁስለኞቹ ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የደረሱት ሕዝቡ በግል መኪናውና በማታቱ አፍሶ እየወሰዳቸው ነበር። የሕዝቡ ደግነት የሚደነቅ ነው። ደግነት ብቻውን ግን ኦክሲጅን አይሆንም፤ የተሰበረ አከርካሪም አያስርም።

ወደ መጀመሪያው መዘግየት እንመለስ። ከወገኖቻችን መካከል ወረቀቱ ያላለቀለት፣ ወይም ጊዜው ያለፈበት፣ ስልክ ለመደወል ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና ሊከለከል እንደማይገባ ይደነግጋል። «ማንም ሰው» ይላል እንጂ «ዜጋ» አይልም። ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር በነፃ ነው ማለት አይደለም። የግል አምቡላንስ ያስከፍላል፤ ሐኪም ቤቱም ሂሳብ ያመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የጤና መድኅኑን ጉዳይ በደህናው ቀን ይጨርስ። በጭንቁ ሰዓት ግን መጀመሪያ ይደወል።

የሚደወለው በ999 ወይም በ112 ነው፤ የኬንያ ቀይ መስቀል ደግሞ በ1199 ይገኛል። ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው እንዲታወቅ አስቀድማችሁ ያላችሁበትን ተናገሩ፦ መንገዱን፣ አጠገቡ ያለውን የገበያ ሕንፃ ወይም መስጊድ፣ ፎቁን። ቀጥሎ የሆነውን ተናገሩ። ስዋሂሊ ለማይሞላላችሁ እነዚህን በቃል ያዙ፦ «አሜዚሚያ» ራሱን ስቷል፤ «ሃፑሙኢ» አይተነፍስም፤ «አናቶካ ዳሙ» ደም ይፈሰዋል፤ «አናጂፉንጉዋ» እየወለደች ነው። ከዚያ አንድ ልጅ ወደ መንገዱ ጫፍ ይውረድ፤ አስካሪው በሩን ይክፈት። በየደረጃው የተከመረው ዕቃ ይነሣ፤ ቃሬዛ በዚያ ማለፍ አለበት። ሱቅ ያላችሁም በመተላለፊያው ላይ ምኮኮቴኒ እንዳይቆም አድርጉ። አምቡላንሱ እስኪመጣ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው። የማይተነፍሰውን ደግሞ መሐል ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል መጫን ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ አይሰጥም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቤቱና መኪናው ነው። ሳምንት ግን 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 42 ሰዓት ቢሠራ፣ አንዷን ወንበር ቀንና ሌሊት ባዶ ላለማድረግ 4 ሰው ያስፈልጋል። ሾፌርና የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሲሆኑ 8 ይሆናሉ፤ ያውም ዕረፍትና ሕመም ሳይቆጠር። 400 ሊትር ኦክሲጅን የያዘ ትንሽ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ሲሰጥ በ40 ደቂቃ ያልቃል፤ በተጠቀሙበት ቁጥር መሞላት አለበት። ነዳጅ አለ፤ ጎማ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ። ምርቃት የተደረገለትና ነዳጅ ያጣ አምቡላንስ ያው የቆመ መኪና ነው።

በመሆኑም ከበዓሉ መዋጮ የሚተርፈው ገንዘብ ስማችንን በድንጋይ ለማስቀረጽ ሳይሆን ለጣቢያው የመጀመሪያ ዓመት ነዳጅና ኦክሲጅን እንዲውል፣ ከእያንዳንዱ ሕንፃም ሁለት ወጣቶች የመጀመሪያ እርዳታ እንዲሠለጥኑ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለድምፅ እናቀርባለን።

አንዳንድ አባቶች ገንዘቡ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላኪያ ይቀመጥ ብለዋል። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ያ ሣጥን እንዳይነካም ለይተን አስቀምጠናል። «ጣቢያው የሁሉም ነው፤ ለምን እኛ?» ያሉም አሉ። የሁሉም መሆኑ ነው እኮ ቁም ነገሩ። የሶማሌው ነጋዴ፣ የኪኩዩዋ አትክልት ሻጭና የእኛው እንጀራ ጋጋሪ የሚታመሙት በአንድ መንገድ ላይ ነው። በአገር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በአዲስ አበባ ጠብታ አምቡላንስን አቋቁመዋል። ከእኛ ቤቱን እንዲሸጥ የተጠየቀ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ድንኳናችን ይኑር፤ ቀኑ ሲደርስ ማንም አይቀርለትም። ከድንኳኑ በፊት ግን የሚደወል ስልክና የሚደርስ መኪና ይኑር።

ፈጣሪ ማኅበራችንን ይባርክ፤ ያስጠጋንን አገርና ሕዝብ ይጠብቅ።