ቡናው ሲያርር ያልሸተታቸው አባት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ቡናው እያረረ ጢሱ ቤቱን ሞልቶታል። አባወራው ግን «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ይላሉ፤ ቤቱ በሳቅ። ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ፤ ባለቤታቸው መኝታ ለይተዋል። እጃቸው ገና አልተንቀጠቀጠም።

አድማጮቻችን፣ ታሪኩ ለምሳሌ ያህል ነው። የፓርኪንሰን ሕመም ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አድፍጦ ይገባል፤ የማሽተት መጥፋት፣ የሆድ ድርቀትና የእንቅልፍ መረበሽ ከመንቀጥቀጡ በዓመታት ሊቀድሙ ይችላሉ። (ሆዱ የደረቀ ሁሉ አይደንግጥ!)

ሐኪሙ ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ ፈረንጆቹ በ1817 ሕመሙን ሲገልጽ አእምሮ አይነካም ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ተሳስቷል። ከአንጎል ኬሚካሎች የሚጓደለው ዶፓሚን ብቻ አይደለም፤ ሴሮቶኒንና ኖራድሬናሊንም ይጓደላሉ። ስለዚህ ድብርትና ጭንቀቱ ራሱ በሽታው ነው እንጂ የሰውየው ስንፍና አይደለም። ቆይቶ «ማነው በሩ ላይ የቆመው?» ሊመጣ ይችላል። በሩ ላይ ማንም የለም። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓም ይህን የሌለ ነገር የማየት ቅዠት ሊያባብስ ይችላል። ጎረቤት «ዛር ነው» ይላል፣ ልጆች «እርጅና ነው»።

ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ፣ ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር እነዚህን ምልክቶችም ለሐኪሙ ንገሩ። ለእንዲህ ያለ ቅዠት የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል የፓርኪንሰን ታማሚን ሰውነት ይበልጥ ግትር ያደርገዋል። ሌቮዶፓን በገዛ እጅ ድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።