ሁለት ዝናብ፣ ሁለት ዘንግ



ጎብዬም ሆነ ቆቦ፣ የራያ ቆላ ገበሬ ዓመቱን በአንድ ዝናብ አይለካም። በልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሪፖርታችን ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ደምሮ «የዓመቱ ዝናብ» ይላል። ዛሬ ሙግቴ ከዚህ ድምር ጋር ነው። ሁለቱ ወቅቶች በሁለት ዘንግ ላይ ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው፤ መሣሪያውም በየቢሮው ያለው ኤክሴል ነው።

ለማሳያ ብቻ የመረጥኳቸውን ቁጥሮች ልጥቀስ። በአንዱ ዓመት በልጉ ከአማካዩ በ60 ሚሊ ሜትር በለጠ፣ ክረምቱ በ60 አነሰ እንበል። በሌላው ዓመት በልጉ በ60 አነሰ፣ ክረምቱ በ60 በለጠ። የልዩነቱ ድምር በሁለቱም ዜሮ ስለሆነ ሪፖርቱ ሁለቱንም «መደበኛ» ይላቸዋል። ማሳ ላይ ግን ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ደጋሊት ያለ ቆይቶ የሚደርስ ማሽላ በጊዜው ይዘራል፤ ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ግን ውኃ ያጣል። በሁለተኛው የማሽላው መዝሪያ ያልፋል፤ ገበሬው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ወዳወጣው «ግራና አንድ» ዓይነት ፈጥኖ ደራሽ ዝርያ ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል።

አሁን የበልጉን ልዩነት በአግድም ዘንግ፣ የክረምቱን በቁም ዘንግ እናድርግ። ዜሮው አማካዩ ነው። የመጀመሪያው ዓመት (60፣ −60) ሆኖ ከታች በስተቀኝ፣ ሁለተኛው (−60፣ 60) ሆኖ ከላይ በስተግራ ያርፋል። ሁለቱም ወቅቶች የሰመሩበት ዓመት ከላይ በስተቀኝ፣ ሁለቱም የከዱበት ከታች በስተግራ ነው። ለ1977ቱ ረሃብ ያበቃው የ1976 ዓ.ም. ዝናብና ኤልኒኖ የበረታበት የ2007 ዓ.ም. ዝናብ ቦታቸው እዚያ ነው።

ኤክሴል ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛ፣ «ላይን» የሚባለውን ቻርት አትምረጡ። የአግድሙን ቁጥር እንደ ስም ስለሚቆጥረው ከ−60 እስከ 5 ያለውንና ከ5 እስከ 10 ያለውን ርቀት እኩል ያደርገዋል። ትክክለኛው «ስካተር» ነው። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። በአግድሙ ዓምድ አንዲት ሳጥን ላይ «−60 ሚ.ሜ» ብትሉ ኤክሴል ጽሑፍ ነው ብሎ የዓምዱን ቁጥሮች በሙሉ ይተውና በምትካቸው 1፣ 2፣ 3 እያለ ይደረድራል፤ የግራው ወገን ባዶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ዘንጎቹ ዜሮ ላይ ስለሚሻገሩ የዘንጎቹ ቁጥሮች መሃል ገብተው ነጥቦቹን ይሸፍናሉ። የቁጥሮቹን ቦታ «ሎው» ብታደርጉት ወደ ዳር ይወጣሉ። የዘንጎቹንም ጫፍ በሁሉም አቅጣጫ እኩል፣ ለምሳሌ ከ−200 እስከ 200 አድርጉ። አለዚያ ዜሮው ከመሃል ይሸሻል፤ የአንዱ ወቅት ጉድለት ከሌላው ጋር ሲተያይ ከልኩ በላይ ወይም በታች ይመስላል።

መምህራን ሆይ፣ ኮኦርዲኔት ስታስተምሩ ከመጽሐፉ ነጥቦች ጎን የአካባቢያችሁን የዝናብ መዝገብ ለተማሪ ስጡ። የግብርና ባለሙያዎችም ለወረዳ በምትልኩት ሪፖርት በልጉንና ክረምቱን ለየብቻ አስቀምጡ። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ብቻ ዓመቱን መደበኛ አትበሉት።