የክረምቱ ትምህርትና የፖለቲካ ሳይንስ

(ለተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ሐምሌና ነሐሴ ተማሪ ቤቶች የሚዘጉባቸው ወራት ናቸው። በነዚህ ወራት ከየወረዳው የመጡ የሥነ ዜጋ መምህራን ከእኛ ከመደበኛ ተማሪዎች ጋራ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የፖለቲካ ሳይንስ ይማራሉ። በበጋ በአራት ወር የሚዳረሰው ትምህርት በሁለት ወር እንዲያልቅ ስለሚጣደፍ፣ ብዙው ሰዓት ማስታወሻ በመቅዳት ያልፋል። እንግዲህ ዛሬ የምንናገረው ይህ አጭር ጊዜ እንዴት ቢያዝ ፍሬ እንደሚሰጥ ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ ዋና ሥራ ማነጻጸር ነው። አርስጣጣሊስና ተማሪዎቹ የ158 መንግሥታትን ሥርዐት እንደ ሰበሰቡ ይነገራል። «መንግሥት ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ በቃል ትርጓሜ ብቻ ሊመልሱት አልወደዱም ማለት ነው።

እኛም ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አገራችን ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ አራት ሕገ መንግሥቶች አይታለች። በ1923ቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንትና የየአገሩ ሹሞች ነበሩ። የ1948ቱ ይህን ምርጫ ለሕዝብ ሰጠ፤ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባሎች ግን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የ1979ኙ ብሔራዊ ሸንጎን አቋቁሞ፣ የመሪነቱን ሥፍራ ለአንድ ፓርቲ ለኢሠፓ ሰጠ። ዛሬ የሚሠራበት የ1987ቱ ደግሞ የፌዴራል ሥርዐትን መሠረተ። ምክር ቤት ወይም ሸንጎ በአራቱም አለ። ነገር ግን መራጩ ማን ነው? ተመራጩስ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው? ይህን ያልጠየቀ ተማሪ አራቱንም በቃሉ ቢይዛቸው ከስማቸው በቀር ያወቀው የለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ባለ ሥልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሣት እንዲችል ይደነግጋል። እኛ መደበኛ ተማሪዎች ይህን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው። የክረምት ጓደኞቻችን ግን በቀበሌ ስብሰባ ተቀምጠው፣ ማመልከቻ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተመላልሰው ሥራውን ያውቁታል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ነሐሴ ያልቃል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ እንዲመደብ እናሳስባለን። የክረምቱ ተማሪ ከወረዳው አንድ ጉዳይ ያምጣ፤ የውሃ ቧንቧ ይሁን፣ የተማሪ ቤት ጣራ ይሁን። መደበኛው ተማሪ ሕጉን ያምጣ። ከዚያም ማን እንደ ወሰነ፣ በምን ሥልጣን እንደ ወሰነ፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አብረን እንመርምር። የሰው ስም አይነሣ፤ ዓላማችን መክሰስ ሳይሆን መረዳት ነው። መምህሮቻችንም ከፈተናው አንዱን ጥያቄ ከዚሁ ቢያወጡልን ነገሩ ይጸናል።

«ጊዜ የለም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን መስከረም ሲጠባ እነዚህ መምህራን ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ። አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ «ሕጉ እንዲህ ካለ፣ በእኛ ቀበሌ ለምን እንዲህ አይሆንም?» ብሎ ይጠይቃል። የተቀዳ ማስታወሻ ለዚህ ልጅ መልስ የለውም። መምህሩ ዝም ካለ ልጁ ሕግ ማለት ለፈተና የሚጠና ወረቀት ነው ብሎ ያድጋል፤ ጕዳቱም የአንድ ክፍል ብቻ አይሆንም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ዲግሪው በጊዜው ይደርሳል፤ ትምህርቱ ግን በዚህ ክረምት ይጀመር።