ዋሱ ማን ነው?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሞጣ ወደ ቢቸና መጥቶ አባቴን፦ «ጋሼ፣ አንዱን በሬ ይሽጡትና ገንዘቡን በስልክ አበድረን ወለዱን እንብላ» አላቸው። አባቴም ጥቂት ዝም ብለው፦ «ዋሱ ማን ነው? ዳኛው ማን ነው? ተበዳሪው ባይከፍልስ?» ሲሉ ጠየቁ። እርሱ መልስ ቢያጣ ወደ እኔ ዞረው፦ «አንተ ተማሪ ነህ፤ እስቲ አስረዳኝ» አሉኝ። እኔም አላውቅም ነበርና አፈርሁ። ክረምቱን መርምሬ ያገኘሁትን ዛሬ ለእናንተም አቀርባለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኢቴሪየም የተባለ የኮምፒዩተር መረብ ሥራ ጀመረ። መዝገቡ በአንድ ባንክ ቤት የተቀመጠ ሳይሆን፣ በዓለም በተበተኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ እኩል የተገለበጠ ነው። በዚህ መረብ ላይ ኮምፓውንድና አቬ የተባሉ የብድር ሥርዓቶች ተሠሩ። አበዳሪዎች ክሪፕቶከረንሲ የተባለውን ገንዘብ በአንድ የጋራ ቋት ያኖራሉ፤ ተበዳሪው ከዚያ ይወስዳል። ተበዳሪ ሲበዛ ወለዱ ይጨምራል፤ ሲያንስም ይቀንሳል።

እንግዲህ ወደ አባቴ ጥያቄዎች ልመለስ። ዋስ የለም፤ ሥርዓቱ የሰው ስም አያውቅምና። ስለዚህ ከብድሩ የሚበልጥ መያዣ ይጠይቃል። ሜከር የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀመር፣ የ100 ዶላር ያህል ለመበደር ቢያንስ 150 ዶላር የሚያወጣ ኢተር ማስያዝ ግድ ነበር። «150 ያለው ሰው ለምን 100 ይበደራል?» ትሉ ይሆናል። ጤፉን ዋጋ እስኪያገኝ በጎተራ አቆይቶ ለጊዜው ችግሩ ብድር እንደሚፈልግ ገበሬ ነው፤ ንብረቱን መሸጥ አይሻም።

ዳኛው አስቀድሞ የተጻፈው የኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው። የመያዣው ዋጋ ወርዶ ከተወሰነው ልክ ሲያንስ፣ ማንም ሰው ዕዳውን ከፍሎ መያዣውን በቅናሽ ይወስዳል። ቀጠሮ የለም፤ ሽምግልናም የለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2020 የኢተር ዋጋ በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ወረደ፤ መረቡም ተጨናነቀ። ያን ጊዜ በሜከር ጨረታ አንዳንዱ መያዣ በዜሮ ዋጋ ተወሰደ።

በእኛ ዕቁብ ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይቀበላል። አባቴ በሬ በሞተባቸው ዓመት ባለዕጣው ተራውን ለቀቀላቸው፤ ጎረቤታችንም ዋስ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም፣ ገበሬዎች በቡድን እርስ በርሳቸው ዋስ እየሆኑ እንዲበደሩ ያደርግ ነበር። ይህ ሁሉ ከስሙ በቀር መያዣ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው። አዲሱ ሥርዓት ግን ላለው ሰው እንጂ ለሌለው አያበድርም።

ሆኖም የእኛ ዘዴ ነቀፋ የለበትም አልልም። የዕቁብ ገንዘብ በልቶ የጠፋ አለ፤ በስውር አራጣ የሚያበድርም አለ። የአዲሱ ሥርዓት መዝገብ ግን ለሁሉ ግልጥ ነው፤ ለዘመድም አያደላም። ይህን ከእርሱ ልንማር ይገባናል።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶከረንሲ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ማስጠንቀቁን ስነግራቸው፦ «እንግዲያው በሬው ይረስ» አሉ። የአክስቴ ልጅ ተቀይሞ ወደ ሞጣ ተመለሰ። እኔ ግን ይቅር እንደሚለን ተስፋ አደርጋለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! አዲስ ነገር ሲመጣ ሳይመረምሩ መሸሽም ሆነ ሳይመረምሩ መሮጥ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። ወላጆቻችን በሬ ሸጠው ያስተምሩናል፤ እኛም ቢያንስ ሲጠይቁን የምንመልስ እንሁን።