ተዘዋዋሪ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍሎችና የጡት ካንሰር ምርመራ



አሜሪካዊቷ ሊቅ ባርባራ ማክሊንቶክ የበቆሎን ፍሬ ዥጉርጉር ቀለም መርምረው፣ አንዳንድ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍሎች በክሮሞዞም ላይ ከቦታ ቦታ እንደሚዘዋወሩ እ.ኤ.አ. በ1951 ባስረዱ ጊዜ የተቀበላቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1983 ነው።

ከሰው ዲ.ኤን.ኤ. እኩሌታው ገደማ የእነዚህ ተዘዋዋሪ ክፍሎች ቅሪት ነው። አብዛኞቹ መንቀሳቀስ ካቆሙ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ጉዳታቸው አልቀረም። «አሉ» የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው 300 ፊደል ያህል የሚረዝሙት ቅጂዎች ቁጥራቸው ከ1 ሚሊዮን ይበልጣል። እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ ሕዋስ የተሰበረ ዲ.ኤን.ኤ. ሲጠግን አንዱን ከሌላው አምታቶ ሊያገጣጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ክፍል ይጠፋል፣ ወይም ይደገማል። ከጡት ካንሰር የሚከላከለው ብራካ 1 የተባለው ጂን ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ «አሉ» ነው። በፖርቱጋል ቤተሰቦች ዘንድም አንድ «አሉ» ብራካ 2 በተባለው ጂን ውስጥ ገብቶ እንዳበላሸውና ጉድለቱ እንደሚወረስ ተረጋግጧል።

ፊደል በፊደል የሚያነብ ምርመራ ትልቅ ክፍል የጎደለበትን ጂን ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ከሌላው ወላጅ የተወረሰው ሙሉ ቅጂ ጉድለቱን ይሸፍነዋልና። ስለዚህ እናቷና እኅቷ በወጣትነታቸው የታመሙባት ሴት «ነጻ ነሽ» ከመባሏ በፊት፣ የጂኑን ክፍሎች ብዛት የሚለካ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ሐኪሟ ሊጠይቅ ይገባል። እንደ ፖርቱጋሉ ያለው ጉድለት ደግሞ ለእርሱ የተዘጋጀ የተለየ ምርመራ ይሻል። ምርመራው አላየውም ማለት፣ ጉድለቱ የለም ማለት አይደለምና።