ኮሌጅ ሲታቀድ ሜዳው አይረሳ



አንድ ኮሌጅ ሲቆረቈር በመጀመሪያ የሚታሰበው የትምህርት አዳራሹ፥ ቀጥሎም ቤተ መጻሕፍቱና የተማሪዎቹ ማደሪያ ነው። የስፖርቱ ሜዳ ግን ብዙውን ጊዜ በተረፈው ቦታ ላይ ይጣላል። ዛሬ የምናገረው ይህ ልማድ ስለሚያመጣው ጉዳት ነው።

እኔ በተማርሁበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳው ከግቢው ሁሉ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፥ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበት ነበር። ቦይ እንዲቆፈርለት ብንለምን ሰሚ አላገኘንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሥራ ፈት መሬት ነው ተብሎ የዕቃ ግምጃ ቤት ተሠራበት። ሜዳውን ያጠፋው ግንቡ አይደለም፤ አስቀድሞ አለመታሰቡ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለምን? ሜዳ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገር ግን አበበ በክቡር ዘበኛ ውስጥ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ በሥርዓት የሠለጠነ ሰው ነበር። ደግሞም የኮሌጅ ሜዳ ዓላማው አንድ ጀግና ማውጣት ሳይሆን፥ ቀኑን ሙሉ በመጽሐፍ ላይ ያጎነበሰውን ብዙውን ተማሪ ጤናማ ማድረግ ነው።

እንግዲህ በልክ እንነጋገር። ስምንት መም ያለው ባለ 400 ሜትር የመሮጫ ዙሪያ 177 ሜትር ያህል ርዝመትና 93 ሜትር ያህል ወርድ ይፈልጋል። ይህን የሚያህል ደልዳላ ቦታ ሕንፃ ከቆመ በኋላ ከቶ አይገኝም። የመረብ ኳስ ሜዳ ግን 18 ሜትር በ9፥ የቅርጫት ኳስ ደግሞ 28 ሜትር በ15 ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ በአንድ ወገን አስቀድሞ ይከለል፤ ትንንሾቹ በየማደሪያው አጠገብ ይሠሩ። ተማሪው ባለችው ግማሽ ሰዓት ሊጫወት የሚችለው ቅርብ ሲሆን ነውና። የጧትና የማታ ፀሐይ የተጫዋቹን ዓይን እንዳይወጋ የሜዳው ርዝመት ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን።

የሴቶች ልብስ መለወጫና መታጠቢያም ለብቻው ይታቀድ። ይህ ከሌለ ሜዳው የሁሉም ነው ማለት ከንቱ ቃል ነው። ኳስ ለማይወድም ጥላ ያለው ዛፍ፥ መቀመጫና የእግር መንገድ ያስፈልገዋል።

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለትምህርት የተሰጠ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ለሌላ ተግባር የተሠራን ግቢ የተረከበ ሰው ባገኘው ቦታ መብቃቃት ግድ ይሆንበታል። በባዶ መሬት ላይ አዲስ ኮሌጅ የሚያቅድ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ገንዘብ የለም ይባል ይሆናል። መሬቱን በፕላኑ ላይ መከለል ግን ከመስመር በቀር ወጪ የለውም። ቦዩ በሁለተኛው፥ ሣሩ በሦስተኛው፥ ቤቱ ደግሞ አቅም በተገኘበት ዓመት ሊደርስ ይችላል። አንዴ ግንብ የቆመበት ሜዳ ግን አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ዕቅዱ ገና ወረቀት ላይ ሳለ እንነጋገርበት።